ጨረንፌ በውቅያኖስ ዳር

ደቡብ አፍሪካ ልሄድ መሆኑን የሰማ ሁሉ አደራው አንድ ነበር፦ «ባሕሩን በቪዲዮ አንሺልን!» የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የሰፈር ልጆች፣ አራት ኪሎ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የሚያቀርብልኝ አስተናጋጅ ሳይቀር። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ባሕር ላይ ግን ተረቱ አልሠራም። አብዛኛው የከተማችን ሰው ባሕር በዓይኑ ሳያይ ይናፍቀዋል። ለምን እንደሆነ ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኔም አደራዬን ተወጥቼ ተመለስኩ። ስልኬ በማዕበል ተጥለቀለቀ። ከመጣሁ ወዲህ ሲከነክነኝ የሰነበተው ግን ባሕሩ አይደለም፤ አክስቴ አንዱ ፎቶ ላይ ቆማ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ነፋሱን ማለፍ አለብን።

ነፋሱ

የአክስቴ ልጅ ኬፕታውን ከከተመ ቆይቷል። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ከከተማው በስተደቡብ ወደ ባሕር የገባውን፣ የዓለም ቱሪስት የሚጎርፍበትን ገደላማ ጫፍ ኬፕ ፖይንትን ግን ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል በቀር አይቶት አያውቅም። «ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?» ነው መልሱ። እኔ በመምጣቴ አንድ እሁድ ዘጋና ተያይዘን ሄድን።

መንገድ ላይ ሳይመንስ ታውን ጋ ቆመን ፔንግዊኖቹን አየን። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ጥንድ መጥተው ነው ባሕር ዳሩን የያዙት፤ ዛሬ በእንጨት መረማመጃ ላይ ሆነህ በብዛት ታያቸዋለህ። በ2024 ደግሞ ዝርያቸው እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ። ስለነሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። የሽታቸውን ነገር ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር።

ኬፕ ፖይንት ያለበት ፓርክ የቴብል ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ጫፍ ነው። በሩ ላይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ሌላ ነው፤ የአክስቴ ልጅ የኔን ሲከፍል በዚያ ብር ስንት ካርቶን ብስኩት እንደሚገዛ ሲያሰላ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከበሩ በኋላ ዛፍ የሚባል የለም ማለት ይቻላል። እስከ ጉልበት፣ ቢበዛ እስከ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው አገሩን የሸፈነው። ፊንቦስ ይሉታል። ኬፕ አካባቢ ወደ 9,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዝርያ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ ሰባ የሚሆነው ሌላ የትም አይበቅልም። ከሩቅ ሲያዩት ግን አንድ ዓይነት ግራጫ አረንጓዴ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ወዲያው ነው ያለፈው።

ስለ ነፋሱ ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ነፋስ የሚለው የየካቲትን አቧራ ነው። ይሄኛው ሰውን ደረቱ ላይ በእጁ ይዞ የሚገፋ ነው። «ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ» የሚለው ታዋቂው የእንጨት ምልክት ከቆመበት ድንጋያማ ዳርቻ ተነስተን በገደሉ አፋፍ ወደ ኬፕ ፖይንት በሚያወጣው የእግር መንገድ ስንሄድ፣ የአክስቴ ልጅ ጃኬቱ እንደ ዣንጥላ እየተነፋ ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። ያለከልካል። ቴብል ማውንቴን ራሱ አናቱ 1,085 ሜትር ነው፤ አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጠህ ማኪያቶ የምትጠጣበት ቦታ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ከፍ ይላል። እኔ ከዚያ በወረደ ሳንባ አንድም ጊዜ ሳልቆም ወጣሁ። «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ከጣሪያ ነው የመጣሽው» አለኝ ጉልበቱን ይዞ።

መሃል ላይ ከታች ዲያዝ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ይታያል። ስሙ የፖርቹጋሉ የባርቶሎሜው ዲያዝ ነው፤ በ1488 ይሄን ጥግ ዞሮ ያለፈ። የአክስቴ ልጅ ቆም ብሎ፣ ሱቁ የሚመጣ ደንበኛ እንደነገረው፣ «ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙት እዚህ ነው» አለኝ። አይደለም። የአፍሪካ የመጨረሻው ደቡባዊ ጫፍም የሁለቱ ውቅያኖስ ድንበርም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ ያለው ኬፕ አጉላስ ነው፤ እዚህ የቆመው የእንጨት ምልክት ራሱ «የአፍሪካ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ» ነው የሚለው። ደስታው እንዳይደፈርስ ብዬ ዝም አልኩ፤ በኋላ ግን ነገርኩት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን መጣ?» አለ።

አናቱ ላይ ያለው የድሮ የመብራት ማማ ታሪክ ደስ ይላል። በ1860 ሥራ ሲጀምር ከባሕሩ በላይ 238 ሜትር ላይ ነበር። ለመርከብ ከሩቅ እንዲታይ ብለው ከፍ አደረጉት፤ ከፍ በማለቱም ጉምና ደመና ይሸፍነው ጀመር። በ1911 ሉሲታኒያ የምትባል የፖርቹጋል መርከብ ከታች ካለው አለት ጋር ተላተመች። ከዚያ በኋላ ነው ዝቅ ብሎ 87 ሜትር ላይ አዲስ ማማ የሠሩት፤ በ1919 በራ። አዲሱን ከላይ ሆኜ ቁልቁል ፎቶ አነሳሁት። ፊት ለፊቱ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነበር፤ ለፎቶው ድምቀት ሰጠ፣ አለቀ።

ሳልረሳው የዝንጀሮውን ልንገራችሁ። የመኪና ማቆሚያው በማስጠንቀቂያ ተሞልቷል፤ በር ቆልፉ፣ ምግብ አትስጡ፣ አታሳዩ። ከኛ አጠገብ የቆሙ እንግዶች መስኮት ጎን ቆመው ካርታ ሲያዩ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ መጣ። አልሮጠም። የኋላውን በር እጀታ በእጁ ስቦ ከፈተ፣ ገባ፣ ዳቦ የያዘ ፌስታል ይዞ ወጣ፤ ወጥቶም አልሄደም፣ ኮፈኑ ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን በጥርሱ ቀደደ። ሴትየዋ ስትጮህ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ከታች ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሌሎቹ ማዕበሉ ሸሸት ሲል እየወረዱ ከአለት ላይ የተጣበቀውን የባሕር ዛጎል እየላጡ ይበላሉ፤ ማዕበሉ ሲመለስ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ፣ ሲሸሽ ሁለት እርምጃ ወደ ታች። ባሕሩን ከምንም በላይ ያየሁት እነሱን ሳይ ነው መሰለኝ።

«ጓሳ ወጥታችሁ ነበር?»

አክስቴ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁል ሲወረድ ባለው ሰፈር ነው የምትኖረው። መንዝ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተድራ አዲስ አበባ ገብታ፣ እዚሁ አርጅታለች። ልጇ የላከላትን ካባና መድኃኒት ይዤ ስሄድ ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። አቦሉ ላይ የልጇን ጤና ጠየቀች፤ ከሳ ወይ፣ ጾም ይጾማል ወይ፣ ሚስት አለች ወይ። ቶናው ላይ ስልኬን አወጣሁ።

ባሕሩን አሳየኋት። «እ» አለች። ማዕበሉን አሳየኋት። «አይ የፈጣሪ ሥራ!» አለች፣ ግን ዓይኗ ስኒው ላይ ነው። ሰጎኖቹ በውቅያኖስ ዳር ሲሄዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ትንሽ ሳብ አደረጋት። ዝንጀሮው ኮፈን ላይ ተቀምጦ ሲበላ ስታይ ግን ሳቀች፤ የሚያባርረው ሰው የለም ወይ አለችኝ። ከተማው ዝንጀሮ ከመኖሪያ ሰፈር እያራቁ የሚውሉ ሠራተኞች እንዳሉት፣ ሥራቸውም ይሄው ብቻ እንደሆነ ነገርኳት።

«ደመወዝ ይከፈላቸዋል?»

«አዎ እትዬ።»

«ወይ ጉድ! እኛ የገብስ ማሳ ላይ በነጻ ስንጠብቅ አደግን።»

ፎቶዎቹን በጣቷ መግፋት ለምዳለች፤ ልጇ በየሳምንቱ ይልክላታል። አንድ ሁለት የመብራት ማማ ፎቶ አለፈች። ሦስተኛው ላይ ቆመች። መነጽሯን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። እኔ ማማውን ልታይ ነው ብዬ ስለ ሉሲታኒያ ልተርክላት ስጀምር እጇን አነሳችብኝ። በሁለት ጣቷ አጎላችው፤ ማማው ከስክሪኑ ወጣ፣ ባሕሩም ወጣ፣ የቀረው ያ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ብቻ። ቀጫጭን ቅጠሉን፣ ግንዱ ላይ ከሥር የደረቀውን፣ አበባው ከቅርንጫፉ ጫፍ ብቅ ያለበትን ቀስ ብላ አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ጓሳ ወጥታችሁ ነበር?»

«ኧረ እትዬ፣ ኬፕታውን ነው እኮ!»

«ይሄ ጨረንፌ አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ባሕሩም ልጇም ተረሱ። ጨረንፌ ስለመልቀም ነገረችኝ። ሌሊት ተነስተው፣ ጉም ሳይገፈፍ የመንዙ ሣራማ ደጋ ጓሳ ላይ ወጥተው፣ የደረቀውን ከእርጥቡ ሳይለዩ እየሰበሩ መሸከም። ቅጠሉ እጅ ላይ እንደሚጣበቅ፣ እንደሚሸት። «እርጥቡም ይነዳል፤ ዘይት አለው» አለች፤ ጣቶቿን እርስ በርስ አሻሸች፣ ሙጫው ዛሬም ያለ ይመስል። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «የኔ ጌታ እሳት አያጣም ማለት ነው» አለች።

አዲስ አበባ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ጨረንፌ ስሙም አዲስ ነው። ግን ስላላወቅሁት አይደለም ነገሩ የከነከነኝ። እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ቅጠሉ እግሬን የነካኝም እኔ ነኝ፤ ያየችው ግን ባሕር አይታ የማታውቀው አክስቴ ነች። ይሄ እንዴት ይሆናል?

የደጋ ዘመዶች

እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ተሰይመው የሚቀመጡበት ብሔራዊ ቤተ መዘክር አለ፤ በየቀኑ በአጥሩ ሥር ነው የማልፈው። አንድ ባለሙያ ፎቶዬን አየልኝና ፈገግ አለ። «አክስትሽ ወገኑን አልሳቱም» አለኝ። ጨረንፌ በሳይንሱ ዩርዮፕስ ከሚባለው ወገን ነው። መቶ ገደማ ዝርያ አለው፤ አብዛኛው የሚበቅለው ደቡብ አፍሪካ ነው። የኛው የራሳችን ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አይገኝም። ስለዚህ የጓሳውና የኬፑ አንድ አይደሉም፤ ልክ እንደ እኔና እንደ ልጇ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ፎቶ ሁሉ እንደገና አየሁት። ያ ግራጫ አረንጓዴ ያልኩት ነገር ውስጥ አስታ አለ፤ ከኛ አስታ ጋር አንድ ወገን፣ እዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ዝርያ ያለው። ከድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያየናቸው ሽኮኮዎች ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ ካሉት ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። ወይራውም እንደዚሁ፤ አክስቴ የጠላ ጋኗን የምታጥንበት ወይራ ከኛ ደጋ ጀምሮ እስከ ኬፕ ድረስ ይበቅላል። ሰስም አለ። ቴብል ማውንቴን ላይ ጠፍቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ አምጥተው መለሱት። እኛ አላየነውም፤ ሰስ ካልፈለገ አይታይም፣ እዚህም እዚያም።

ምክንያቱ ብርድ ነው። እነ ጨረንፌና አስታ ብርድ ወዳዶች ናቸው። እኛ ጋ ብርድ ለማግኘት ወደ ደጋው ከፍታ መውጣት አለባቸው፤ እዚያ ከምድር ወገብ 34 ዲግሪ ወደ ደቡብ ስለተራቀ ብርዱ ራሱ ወርዶ ባሕር ዳር ይጠብቃቸዋል። በመሃል ያለው ከኬንያና ታንዛኒያ ተራሮች በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካው ድራከንስበርግ የተደረደረ የተራራ ሰንሰለት ነው። ዓለም ቀዝቅዛ በነበረባቸው ዘመናት የደጋው ዕፅ ወደ ታች እየወረደ፣ በተራሮቹ መካከል ያለው ቆላ እየጠበበ፣ ዘሩ በነፋስና በወፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ በአውሮፕላን ያለፍኩትን መንገድ ጨረንፌ በተራራ ተራራ ሄዶታል።

ባሕር የለንም እያልን ስንብሰለሰል፣ ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘን አንድ መንገድ በጀርባችን፣ በተራራው በኩል ተዘርግቶ ኖሯል። ይሄን ስጽፍ ፖለቲካ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ አይደለም። ጨረንፌ ወደብ አያስፈልገውም።

የማይከፈት ቄሮ

በሚቀጥለው እሁድ ልጇ ሲደውል አክስቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። ሰላምታው አጭር ነበር።

«ያ ያነሳችሁት ጨረንፌ፣ እርጥቡ ይነዳል?»

«እማዬ፣ አይቆረጥም እኮ። ክልክል ነው፤ ይቀጣሉ።»

«ተዘግቷል?»

«አዎ፣ ፓርክ ነው።»

«መቼ ይከፈታል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ግድ ነው። የአክስቴ «መዘጋት» የመንዙ ቄሮ ነው፤ የዛሬውን የፖለቲካ ስም ለጊዜው እርሱት። የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይገባም፣ ባለ መብቶቹ በተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋ፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ቤት የሚከድን ይከድናል፣ ገመድ የሚገምድ ይገምዳል፣ ማገዶ የሚለቅም ይለቅማል። ተመልሶ ይዘጋል። በኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያነሳ ሥርዓቱም አብሮ ላላ። አክስቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ሲከፈት የነበረውን ግርግር ግን እንደ በዓል ነው የምታወራው። ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ይጠበቃል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ።

ስለዚህ ለእሷ የተዘጋ ነገር ሁሉ የሚከፈትበት ቀን አለው። ልጇ ግራ ገባው።

«አይከፈትም እማዬ። ለማየት ብቻ ነው።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«እንዴት ያለ ክፉ ቄሮ ነው!» አለችና ወደ ጾሙ ጉዳይ ተመለሰች።

በርግጥ ልጇ ትክክል ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ ቀን «ግቡና ቁረጡ» ቢሉት ሌላ የትም የማይበቅል ዕፅ በጠዋት ያልቃል። ደግሞም ያ ቁጥቋጦ የራሱ አጫጅ አለው፤ በየአሥራ ምናምን ዓመቱ እሳት ይገባበታል፣ አሮጌው ነድዶ ዘሩ ከአመድ ሥር ይነሳል። እዚያ የሚከፍተው እሳት ነው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን የአክስቴ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እሷ ጨረንፌን ከጥቂት ነጠብጣብ ፎቶ የለየችው ስለሰበረችው ነው፤ ስለተሸከመችው፣ ስለነደደላት። እኔ ያለሁበት ዓለም ደግሞ ትኬት የሚቆረጥለት፣ በመረማመጃው ብቻ የሚኬድበት፣ ፎቶ ተነስቶ የሚወጣበት ነው። እንዲህ የሚጠበቅ ነገር በሕይወት ይቆያል፤ ስሙን የሚያውቅለት ሰው ግን ከየት ይመጣል? አስጎብኚው? ምልክቱ? «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለውን ሁሌም እንደ ስድብ ነበር የምሰማው። አሁን ሳስበው፣ ልጥ የነከረበት ሰው ቢያንስ ውኃው የት ጋ እንደሚጠልቅ ያውቃል።

ሰሞኑን አክስቴን በአዲሱ የወንዝ ዳር መንገድ ይዣት ወረድኩ። ሐኪም እንድትራመድ አዟታል። ድንጋይ ንጣፉ ያማረ ነው፣ መብራቱም፤ ከግራና ቀኝ አበባና ቁጥቋጦ ተተክሏል። እሷ ንጣፉን አላየችውም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ይሄ እንዲህ ነው ያ እንዲያ ነው ትላለች። አንድ ጥግ ላይ ዳማከሴ አገኘች። ማን እንደተከለው እንጃ፤ ምናልባት ማንም። ከጉንፋኗ ገና አላገገመችም ነበር፤ ሁለት ዘለላ ቀንጠስ አድርጋ መዳፏ ላይ አሽታ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ፊሽካ ተነፋ።

ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው፣ ትሑት። ሮጦ መጣና ኮፍያውን አስተካክሎ «እማማ፣ ይቅርታ፣ መቁረጥ አይቻልም» አላት።

አክስቴ ዘለላውን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«እሺ ልጄ። መቼ ነው የሚከፈተው?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ወንዙ። ትንሽ አሰበና «አለቃዬን ልጠይቅልዎት» አላት፣ ስልኩን እያወጣ።